ከውጭ የተቀረቀረው በር

ሰኞ ጠዋት ወንድምየው መጋረጃ ሊያወጣ ወደ ማድረቂያው ክፍል ሲሄድ በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ አገኘው። መቀርቀሪያውን ስቦ ሲከፍት እህቱ እግሩ ሥር ወደቀች። ከሞተች ቆይታለች።

ቦታው የእናታቸው ላውንደሪ ነው። እኔ ስደርስ ማሞቂያው ጠፍቷል፤ ክፍሉ ግን ገና ይፋጃል። የሳሙናና የስታርች ሽታ ከሌላ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ተቀበለኝ። በፖሊስነት ሃያ ዓመት አሳልፌያለሁ፤ ሽታ እችላለሁ። ያን ቀን ግን ወጥቼ ግድግዳ መደገፍ ነበረብኝ። ሳጅኑ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ይችልበታል።

ተመልሼ ገባሁ። ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የቤት ስሟ ፍልቅልቅ ነበር፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሳቂታ በመሆኗ የወጣላት። በሁለት ተደራራቢ የሱፍ ብርድ ልብስ ተጠቅልላለች፤ ማጅራቷ ላይ በትልቅ መርፌ ቁልፍ ተይዟል። ከንፈሯን ከውስጥ በኩል ነክሳዋለች። የሁለት እጆቿ ጎን በልዟል።

“ስታንኳኳ ነበር” አለ ሳጅኑ።

“ደጋግማ” አልኩት። “መቀርቀሪያው ደግሞ ራሱን አልዘጋም።”

ከግድግዳው ማዶ የቤተሰቡ ሳሎን ነው። ላውንደሪውና መኖሪያው ጀርባ ለጀርባ ተሠርተዋል። እናትየው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ስድሳ የተጠጉ፣ ፀጉራቸው በወግ የተያዘ፣ ባለሙያ መሆናቸው ከመጋረጃው መታጠፊያ ሳይቀር የሚታይ ሴት። ጠረጴዛው ላይ የትናንት አበባ አለ።

“የገደላትን አምጪልኝ ልጄ” አሉኝ። “ሌላ የምለምንሽ የለም።”

“መጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?”

“ትናንት ጠዋት። ጓደኛዬ ዘንድ ነኝ ብላ ወጣች። ለምሳ እንግዳ ነበረብን፤ እጮኛዋና ወላጆቹ። እሷን ሊያዩ መጥተው እሷ ቀረች። አፍሬ፣ አሟት አክስቷ ቤት ናት አልኳቸው። ማታ ስትመጣም አልሰማሁ፤ ደክሞኝ በጊዜ ተኛሁ።”

“የላውንደሪው ቁልፍ ማን ጋ አለ?”

“እኔ፣ ወንድ ልጄና ልብስ ተኳሹ ጋ። ተኳሹን ብትይዢው ጥሩ ነው። ዓይኑን አልወደውም።”

ሳይጠየቅ ተጠርጣሪ የሚያቀብል ሰው ያቅለሸልሸኛል። ግን ልጅ የሞተባት እናት ምን ብትል ይፈረድባታል ብዬ አለፍኩት።

ወንድምየው እሁድ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት አንድ ሆስፒታል ውስጥ የፈነዳ ቦይለር ሲጠግን ውሏል። ደውዬ አጣራሁ፤ እውነት ነው።

ከዚያ የሟቿን ክፍል ፈተሽን። አልጋዋ ሥር አሥራ አንድ ባዶ የውሃ ጠርሙስ፣ ቦርሳዋ ውስጥ እፍኝ ሙሉ ማስቲካ፣ ትራስጌዋ ላይ ከፕላስቲክ የተሠራ የጥርስ መከላከያ። መስኮቱ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሞላበት ቆርቆሮ ተቀምጧል፤ ከደንበኛ ልብስ የሚረግፈው የሚጠራቀምበት። ሳጅኑ በጣቱ ሲያማስለው ቆይቶ አንዷን አወጣ።

“ይቺ ቁልፍ ቀዳዳ የላትም አለቃ።”

ሮዝ ናት። መሐሏ ላይ ትንሽ ኮከብ ተቀርጾባታል።

“ኤክስታሲ” አልኩት። “ይኼን የሚውጥ ሰው መንጋጋው ይጨመደዳል፤ ጥርሱን ያፋጫል። ማስቲካው ለዚያ ነው። ይጠማዋል፤ ውሃው ለዚያ ነው።”

ወንድምየው በር ላይ ቆሞ ይሰማል። “እህቴ ሲጋራ እንኳ አትነካም” አለ።

“ስለ ሲጋራ ያወራ የለም” አልኩት።

እጮኛዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ክሊኒኩ ምድር ቤት ውስጥ፣ የሰው መንጋጋ ቅርጽ በተደረደረበት ጠረጴዛ ጀርባ አገኘሁት። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። መከላከያውን በላስቲክ እንዳለ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

“ማን ሠራላት?”

“እኔ ነኝ።”

“ለምን?”

“ጥርሷ እየተፋቀ ነበር። የመንጋጋ ጥርሶቿ አናት እንደ አሮጊት ጥርስ አልቆ ነበር።”

“በሃያ ሁለት ዓመቷ። አልገረመህም?”

ጣቶቹን አፍተለተለ። “ቅዳሜ ቅዳሜ ስንወጣ ዓይኗ ይለወጥ ነበር። ጥቁሩ ሰፍቶ ሰፍቶ ሌላው ቀለም ይጠፋል። ያገኘችውን ሁሉ ታቅፋለች። አንዴ የማታውቃትን አስተናጋጅ እወድሻለሁ ብላ ልትለቃት ነው እንዴ። ላብ በላብ ሆና እንኳን ካልጨፈርኩ ትላለች። ማክሰኞ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ሰው ናት። ስልክ አታነሳም፤ ካነሳችም ታለቅሳለች።”

“ምን መሰለህ?”

“መጀመሪያ ፍቅር መሰለኝ። እኔን ወዳ እንዲህ የሆነች። ኋላ ግን… ገባኝ።”

“ሲገባህ ምን አደረግህ?”

“ጥርሷ እንዳያልቅ ይኼን ሠራሁላት።”

ገልብጬ አየሁት። ጠርዙ ተወልውሎ፣ ድድ እንዳይጎዳ ተለስልሶ፣ እጅግ በጥንቃቄ ነው የተሠራው። ያ ነው ያንገሸገሸኝ። ሰነፍ ቢሆን ይቅር እለው ነበር።

“ለእናቷ ወይ ለወንድሟ ለምን አልነገርክም?”

“ሠርጉ ሁለት ወር ነው የቀረው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው ኢንስፔክተር።”

“እሁድስ ምሳው እንዴት ነበር?”

“እንደ ምሳ ነው። ሰባት ሰዓት ገባን። አባቴ ሾርባ ነጭ ጨርቅ ላይ ደፍቶ እናቴ ልትገድለው ነበር። ከጀርባ ማሽኑ ዱብ ዱብ እያለ ስላስቸገረን እናቷ ሬዲዮ ከፈቱ። ስለ አዳራሽ ተወራ፣ ስለ ልብስ ተወራ። አሥር ሰዓት ተነሣን። ወላጆቼን አድርሼ እዚያው አደርኩ።”

ሁሉንም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ሐሳቤ ግን እዚያች የተወለወለች ፕላስቲክ ላይ ነበር። ስወጣ እጁን ዘረጋልኝ፤ ቁልፌን የምፈልግ መስዬ ሳልጨብጠው ወጣሁ።

ተኳሹ ማክሰኞ ተያዘ። ቅጽል ስሙ ካውያ ነው፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ። የሚተኩስበት ጠረጴዛ ሥር በስታርች ካርቶን ውስጥ አርባ ስድስት ሮዝ ክኒን አገኘን፤ ሁሉም ኮከብ አለው።

“እትዬ ኢንስፔክተር፣ ይኼ እኮ መድኃኒት ማለት ነው” አለኝ። “የደስታ መድኃኒት።”

“ለማን ለማን ሸጥክ?”

“ኑሮ ላንገሸገሸው ሁሉ።”

“ለአሠሪህ ልጅስ?”

ሳቁ ቀነሰ። “ቅዳሜ ሁለት ወስዳለች። ነገ እንግዳ አለብን፤ እማዬ እንደ ድሮሽ ፍልቅልቅ በይላቸው ብላኛለች፤ እኔ ደግሞ መሳቅ አቅቶኛል አለችኝ።”

“ሁለት ሰጠሃት።”

“ደንበኛ ናት።”

ይቺን ቃል ሲናገር ትከሻውን ነቀነቀ። ሳጅኑ በሃያ ዓመት ውስጥ በሰው ላይ እጄን አንስቼ እንደማላውቅ ያውቃል፤ ቢሆንም ወንበሩን ወደ መሐላችን ሳብ አደረገው።

“እሁድ የት ነበርክ?”

“ሜዳ። የመስመር ዳኛ ነኝ። ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባንዲራ ይዤ ስሰደብ ዋልኩ። ሁለት መቶ ምስክር አለኝ፤ አንዱም አይወደኝም።”

“ማታስ?”

“ቤቴ። ከሚስቴ ጋር።”

ሚስት ለባሏ የምትሰጠው ምስክርነት ለእኔ ግማሽ ነው። እናትየው ማታ ተኝተው ነበር፤ ተኳሹ ቁልፍ አለው፤ ክኒኑ የእሱ ነው፤ ልጅቷ አጋልጥሃለሁ ብላው ቢሆንስ? ነገሩ የሸሚዝ እጅጌ ያህል ልክ ሆኖ ተገጣጠመ። ለእናትየው ሰውየው መታሰሩን ስነግራቸው እጄን ይዘው ሳሙኝ።

“እግዜር ይስጥሽ። አሁን ሰውም ይወቅ” አሉ። “ልጄ ባለጌ እንዳልነበረች፣ ባለጌ እንደገደላት ይወቅ።”

ሠፈሩም አወቀ። በማግስቱ ጠዋት የተኳሹ ቤት መስኮቶች ተሰባብረው ተገኙ።

ያን ዕለት ረቡዕ አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪም ጠሩኝ። ሸምገል ያሉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው።

“ክፍሉ ሞቃት ስለነበር ሰዓቱን ቶሎ ልነግርሽ አልቻልኩም። ጨጓራዋንም ሌላውንም አስተያይቼ ጨርሻለሁ። የሞተችው እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው።”

“ማታ ማለትዎ ነው?”

“ቀን ነው የምልሽ። ማታማ ደርቃ ነበር።”

“የገደላት ክኒኑ ነው?”

“ክኒኑ የሰውነቷን ሙቀት ሰቀለው። ልብሱን አውልቀው፣ ነፋስ እንዲነካት አድርገው፣ በውሃ አቀዝቅዘው ቶሎ ቢያመጧት፣ ሳትተርፍ አትቀርም ነበር። ያደረጉት ተቃራኒውን ነው። ሁለት ብርድ ልብስ አልብሰው ምድጃ ውስጥ ከተቷት።”

“ራሷ ተጠቅልላ ቢሆንስ?”

“በርዶኝ ነው ማለቷ አይቀርም። ሙቀት ሲወጣ ሰው ይንቀጠቀጣል። ግን እጅሽን ወደ ማጅራትሽ አዙረሽ በዚያ ውፍረት መርፌ ቁልፍ ያዢ እስቲ።”

ሞከርኩ። አልሆነልኝም።

መኪና ውስጥ ተቀምጬ ማስታወሻዬን ከፈትኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተኳሹ ሜዳ ነበር፤ ወንድምየው ሆስፒታል ነበር። ቤቱ ውስጥ የነበሩት እንግዶቹና እናትየው ናቸው። ወደ ኋላ ገለጥኩ። በተደፋው ሾርባና በሠርጉ አዳራሽ መካከል በራሴ እጅ የተጻፈ አንድ መስመር አገኘሁ። ማሽኑ ዱብ ዱብ ይል ነበር።

“እንሂድ አይሉኝም?” አለ ሳጅኑ መሪውን እንደያዘ። “ምነው ፊትዎ ተለዋወጠ?”

“በራሴ እያስታወከኝ ነው” አልኩት። “ወደ ላውንደሪው ንዳ።”

ወንድምየው ቦይለሩ ሥር ተንበርክኮ ብሎን ያጠብቃል። ቤቱ ሐዘን ላይ ነው፤ እሱ ግን እጁ ሥራ ካልያዘ የሚያብድ ዓይነት ነው።

“እሁድ የትኛው ማሽን ነው የሚሠራው?”

“አንዱም አይሠራም። ቅዳሜ ማታ ቆጣሪውን የማጠፋው እኔ ነኝ። የማድረቂያው ማሞቂያ ብቻ የራሱ መስመር አለው።”

“ማጠቢያው ለብቻው ዱብ ዱብ ሊል አይችልም?”

“ያለ መብራት?” ቀና ብሎ አየኝ። “ማን ነው ማሽን ሰማሁ ያለው?”

“የምሳ እንግዶቹ። ከሳሎኑ ግድግዳ ወዲያ።”

መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ሳጅኑ ሊናገር ሲል ያዝኩት።

“መርፌ ቁልፉን ሰኞ እንዳየሁት ነው ያወቅኩት” አለ። “ልጆች ሆነን ስንታመም እማዬ እዚያ ክፍል ታስቀምጠን ነበር። ብርድ ልብስ ደርባ፣ እንዳንገፈው ከኋላ ትይዘዋለች። ላብ ያወጣዋል ትላለች። ጉንፋንም ቢሆን፣ ትኩሳትም ቢሆን። አባታችን ጠጥቶ ሲመጣም እዚያው ነበር የምታስገባው፤ ጠዋት ደህና ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ቤት ማድረቂያው ሐኪም ነው።”

“ሰኞ ጠዋት መጋረጃ አውጣ ብሎ የላከህ ማን ነው?”

“እሷ።” ፊቱን በዘይት በተበከለ እጁ ሸፈነ።

“ይኼን ሁሉ እያወቅህ ሰው ሲታሰር ዝም አልክ።”

“እናቴ ናት።”

አንዱ ሠርግ አለብኝ ይላል፤ አንዱ ደንበኛ ናት ይላል፤ አንዱ እናቴ ናት ይላል። ሁሉም ምክንያት አለው፤ ልጅቷ ብቻ መቃብር አላት። ምራቄን መትፋት አማረኝ፤ ንጹሕ ወለል ስለነበር ዋጥኩት።

እናትየውን ሳሎን አገኘኋቸው። የልጃቸውን ልብሶች ተኩሰው፣ አጥፈው፣ እንደ ደንበኛ ልብስ በላስቲክ እየጠቀለሉ ነበር። ሳጅኑን በር ላይ አቆምኩትና ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

“ማሽኑ መብራት አልነበረውም እማማ።”

እጃቸው ሸሚዙ ላይ ቆመ።

“ልጅዎ እሁድ ከቤት አልወጣችም” አልኩ። “ከየት ልጀምርልዎ? ወይስ ይነግሩኛል?”

ሸሚዙን እስከ መጨረሻው አጥፈው አስቀመጡት።

“አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ማድ ቤት ገባች። ዓይኗ ፈጧል፤ ጥርሷን ታፋጫለች፤ አገጯ አላርፍ ብሏል። አቀፈችኝ። እማዬ እወድሻለሁ፣ እማዬ እወድሻለሁ፣ አልለቅ አለችኝ። ከዚያ በረደኝ አለች። የጠጣች መሰለኝ።”

“አፏን አሸተቱ?”

“አሸተትኩ። ምንም የለውም። ግን ሌላ ምን ይሆናል ልጄ? እኔ ከመጠጥ ሌላ ምን አውቃለሁ?”

“ገላዋ ይፋጅ አልነበር?”

“ይፋጃል። ትኩሳት ነው፣ ላብ ያወጣዋል አልኩ። እንግዶቹ ሊደርሱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው የቀረው። እንዲያ ሆና ቢያይዋት ሠርግ የለም፤ በየቤቱ መሣቂያ ነን። ጠቅልዬ አስገባኋት። ደስ ብሏት ነው የገባችው፤ እየሳቀች።”

“መቀርቀሪያውስ?”

“መሐል ላይ እንዳትመጣብኝ ነው።”

“ስታንኳኳ ሰሙ።”

ላስቲኩን በጣታቸው ደጋግመው ያለሰልሱት ጀመር።

“ሰማሁ። ሬዲዮ ከፈትኩ።”

“አሥር ሰዓት እንግዶቹ ሲሄዱስ?”

“ሮጬ ከፈትኩ። አየኋት። ዘጋሁት።” ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነው። “ሌሊቱን ከበሩ ሥር ተቀምጬ አደርኩ። ብቻዬን ላወጣት አልቻልኩም። ልጄን ላኩት።”

“ከዚያ እኔን የገደላትን አምጪልኝ አሉኝ።”

“ሌላ ሰው እንዲገኝ ፈልጌ ነው” አሉ። “በእውነት ፈልጌ ነበር። ተኳሹ ሲገኝማ እፎይ አልኩ፤ ያወጣሁት ውሸት እውነት ሆነልኝ አልኩ።” ጎንበስ ብለው ክንዴን ያዙኝ። “እሱ ለዚያ ክኒን መታሰሩ አይቀር። በሩንም እሱ ዘጋው ቢባል ምን ይጎዳል? የኔ ልጅ፣ ሰው ምን ይላል?”

ክንዴን አስለቀቅኩ። ከወንጀለኞች ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ የዘገነነኝ ግን የለም። የበለጠ የዘገነነኝ፣ ሴትየዋ ክፉ አለመሆናቸው ነው።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም? ዓይኗን አይተዋል፤ አገጯን አይተዋል፤ ትኩሳቷን ነክተዋል፤ አፏ መጠጥ እንደማይሸት አሽትተዋል። ሐኪም ቢጠሩ ኖሮ ይኼን ሁሉ ነበር የሚጠይቅዎ፤ መልሱ በሙሉ እጅዎ ላይ ነበር።”

ሳጅኑን በዓይኔ ጠራሁት። እሳቸው ተነሥተው ቀሚሳቸውን አስተካከሉ፤ የፀጉራቸውን ማስያዣ ነካኩ። በር ላይ ሲደርሱ ዞሩ።

“ሐኪሙ ሰዓቱን ነግሮሻል?”

“ዘጠኝ ሰዓት ግድም።”

ቆሙ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የሚያሰሉ ይመስላሉ።

“ዘጠኝ ሰዓት ፍራፍሬ ቆርጬ የገባሁበት ነው” አሉ። “ዱብ ዱቡ ቆመ። ተኛችልኝ ብዬ ደስ አለኝ። የእጮኛዋ እናት ሳህኑን ተቀበሉኝና፣ ልጅዎም እንደ እርስዎ ባለሙያ ናት? ብለው ጠየቁኝ።”

“ምን አሏቸው?”

“ከእኔ ትበልጣለች አልኳቸው። ስትነሣ ታዩዋታላችሁ።”